የሠርካዲስ ቅምሻ

እስቲ ንገሩኝ፤ ድስት የሚጣደው ለሞተ ነው ወይስ ለሚበላ?

የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። ከቁስቋም ቁልቁል ባለው በዚያ ሰፈር ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል የጠየቀው ሰው አልነበረም። የእድሩ ዕቃ ቤት የቆርቆሮ በር የሚከፈተው ጥሩምባ ሲነፋ ነው፤ ጥሩምባ የሚነፋው ደግሞ ሰው ሲሞት ነው። ያን ቀን ድንኳኑ ይወጣል፣ አግዳሚው ይወጣል፣ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚገባባቸው አምስቱ ብረት ድስቶች እየተንከባለሉ ይወጣሉ። በቁሙ አንድ ጭልፋ ጎመን ያላቀረበለት ጎረቤት ሁሉ፣ ሰውዬው ሲሞት በአምስት ድስት ያለቅስለታል። ባህላችን ነው የሚል ይኖራል። ባህል መሆኑን ማን ካደ? መልሱ ግን እሱ አይደለም።

ጥያቄውን ያነሳችው ሠርካዲስ ናት። ሠርካዲስ የእድሩ ወጥ ቤት አለቃ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰፈሩ ለቅሶ ቤት ሁሉ ከድስቱ አጠገብ የቆመች፣ ወጡ ሲንተከተክ በድምፁ ብቻ «ውኃ ጨምሩበት» የምትል ሴት ናት። ጨው አነሰ በዛ የሚል ክርክር የሚያበቃው በእሷ ምላስ ነው። እሷ ቀምሳ «በቃ ይውጣ» ካላለች አንድ ሳህን ከጓዳ አይወጣም። የሰፈሩ ሰው «ሠርኬ ያልቀመሰችው ለቅሶ፣ ለቅሶ አይባልም» ብሎ ይቀልዳል።

አምና ጥቅምት ላይ ውኃ ጥም ያዛት። ጆግ ሙሉ ጠጥታ ጉሮሮዋ አይርስም። እግሯ ሥር ጉንዳን የሚሄድ ይመስላታል። ጳውሎስ አካባቢ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ ገብታ ደም ሰጠች፤ ወጣቱ ሐኪምም ውጤቱን አይቶ መነጽሩን አወለቀ።

«እናቴ፣ ስኳርዎ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው።»

መድኃኒት አዘዘላት፤ አንድ የታተመ ወረቀትም ሰጣት። በታክሲው ውስጥ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ብሮኮሊ ይላል። የወይራ ዘይት ይላል። ሳልመን የሚባል ዓሣ በሳምንት ሁለቴ ይላል። አጃ በወተት ይላል። ከዚህ ሁሉ የምታውቀው አጃን ነው፤ እሱንም ለአራስ አጥሚት።

ይህን ወረቀት የጻፈው ማን ይሆን? የጉለሌ ሴት በየቀኑ በጉሊቱ ስታልፍ ጎመን እግሯ ሥር ተከምሯል፤ ምስር አለ፣ ባቄላ አለ፣ ቀይ ሥር አለ። ወረቀቱ ስለ አንዳቸውም አንድ ቃል የለውም። ሰው አገሩ ላይ ቁጭ ብሎ በማያውቀው ምግብ እንዲድን ሲታዘዝ፣ የታዘዘው ተስፋ እንዲቆርጥ ነው። ሠርካዲስም ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እግሯን አየች።

እግሯን ያየችው ጋሽ ጌቱ ትዝ ብለዋት ነው። ጋሽ ጌቱ የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ስኳር ነበረባቸው፤ ለማንም አልተናገሩም። መጀመሪያ የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ቆሰለች፤ «ጫማ ልጦኝ ነው» አሉ። ጫማ ሰፊ ጫማ ላጠኝ ሲል ማን ይጠረጥራል? ቀጥሎ ጣቷ ተቆረጠች፤ ቀጥሎ እግራቸው እስከ ጉልበት። ቀጥሎ ጥሩምባ ተነፋ። የሰልስታቸውን ወጥ የሠራችው ሠርካዲስ ራሷ ናት። ዘይት የተንሳፈፈበት ቀይ ወጥ፣ አንድ ጎላ ማካሮኒ፣ ድፎ ዳቦ፣ በየአግዳሚው ሥር ለስላሳ በሳጥን። ስኳር የገደለውን ሰው በስኳር ሸኘነው አለች በልቧ፤ ታክሲው ሽቅቡን ይዞ ሲያቃስት። እሷ ያለ እግር ምን ትሆናለች? ድስት አጠገብ የሚቆመው እኮ እግር ነው።

ስለዚህ በገባት መጠን ታዘዘች። ከሻይዋ ስኳር አወጣች፤ በምትኩ ማር ጨመረች፤ ማር መድኃኒት ነዋ። ጾም ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ደስ አላት፤ የጾም ምግብ ምን ያመጣል ብላ ድንቹንም፣ ፓስታውንም፣ ዳቦውንም ከየድስቱ እንደ ልቧ ቀመሰች። መድኃኒቷንም በሰዓቱ ዋጠች። ከሦስት ወር በኋላ ሁለት መቶ ዘጠና ሆነ።

«እናቴ፣ የማይሆን ነገር እየበሉ ነው» አለ ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ በቁስቋሟ ይዤሃለሁ፣ እኔ እኮ ምግብ የሚባል አልበላም። ማታ አንዲት ጉርሻ ናት።»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ውሸታም ልጅን የሚያባብል ሰው ፈገግታ ነው። ሠርካዲስ ደሟ ፈላ። አልዋሸችማ! ማንም ሲያያት ማዕድ ቀርባ አታውቅም። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ሲበላ እሷ ቆማ ታስተናግዳለች፤ ቤቷ ስትገባ ደክሟት ትተኛለች። ይህን እየተናገረች ከክሊኒኩ ወጣች፤ ይህንኑ እየተናገረች ሰፈር ደረሰች፤ ይህንኑ ለጎረቤቷ ለቤርሳቤህ በአጥር ላይ ነገረቻት።

ቤርሳቤህ የሒሳብ መምህርት ናት። አባቷ ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ የኖሩ፣ ስኳር ይዟቸው እሷ ዓሥር ዓመት ያስታመመቻቸው ሰው ናቸው፤ ዛሬም በሁለት እግራቸው ቸርች ይሄዳሉ። የሠርካዲስና የቤርሳቤህ ቤት ግድግዳ ይጋራል። እሑድ ጠዋት አንዷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማርያም፣ ሌላዋ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ወደ ቸርቿ ሲወጡ በር ላይ ይገናኛሉ፤ ሠርካዲስ «እዚያ ስትጮሁ ስሜን አንሺልኝ» ትላታለች።

«እትዬ ሠርኬ፣ አምንዎታለሁ» አለች ቤርሳቤህ ሰምታ ስትጨርስ። «ግን ልቁጠርልዎት።»

«ምኑን?»

«ሲመጣ ያዩታል።»

በሳምንቱ የዘጠና ዓመት አሮጊት አርፈው ጥሩምባ ተነፋ። በሰልስቱ ቀን ቤርሳቤህ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ቀረችና ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ልትከትፍ መጣች። በእጇ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳህን ይዛለች።

«እትዬ ሠርኬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት?»

«ሽንኩርቱን ጨርሰሽ ከሆነ አስቸግሪኝ።»

«ጨርሻለሁ። ይችን ሳህን አጠገብዎ አስቀምጣለሁ። አንድ በቀመሱ ቁጥር፣ ልክ የዚያኑ ያህል እዚህ ውስጥ ጣል ያድርጉልኝ።»

«ለማን? ለውሻሽ?»

«ለሒሳብ።»

«እናንተ አስተማሪዎች ደሞዝ ሲያንሳችሁ ጨዋታ ታበዛላችሁ» አለች ሠርካዲስ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ግን ቃሏን ጠበቀች። ከቀይ ወጡ በእንጀራ አጥቅሳ ስትቀምስ፣ አንድ አጥቅሳ ሳህኑ ውስጥ። ከአልጫው ስትቀምስ፣ አንድ። ማካሮኒው በስሎ እንደሆን ስታይ አንድ ማንኪያ ለአፏ፣ አንድ ማንኪያ ለሳህኑ። ዳቦው መሐሉ ሊጥ እንዳይሆን ቆርሳ ስታይ፣ ለሳህኑም ቆረሰች። ሴቶቹ «ሠርኬ፣ በሞቴ እቺን ብቻ» እያሉ ሲያጎርሷት፣ ለሳህኑም አንድ ጉርሻ ተጠቀለለ። የጠጣችውን ለስላሳ እንኳ ቤርሳቤህ በጎን በብርጭቆ ለካችው።

ወደ ዓሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ሲመናመን ቤርሳቤህ ሳህኑን አንስታ ትሪ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ በጣቷ እያስተካከለች እንጀራውን ከእንጀራ፣ ዳቦውን ከዳቦ ለየችው። ሴቶቹ ከበቡ። ትሪው ላይ ሁለት ሙሉ እንጀራ ከዚያም የሚበልጥ፣ ሁለት ትልልቅ ቁራሽ ዳቦ፣ አንድ ሰው ምሳው የሚለው ማካሮኒና የድንች ቁልል ተዘረጋ። ከጎኑ ሁለት ብርጭቆ ለስላሳ ቆመ።

«ይሄ የማን ምግብ ነው?» አለች ሠርካዲስ።

«እርስዎ ዛሬ ያልበሉት ነው።»

ሠርካዲስ ትሪው ላይ ጎንበስ አለች። ሃያ ስድስት ዓመት፣ በየለቅሶው፣ በየክርስትናው፣ በየማኅበሩ። በቅምሻ ነው እንጂ በልታ አታውቅም። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሳች፤ ሴቶቹ ልታለቅስ ነው ብለው ሲጠጉ ሳቋ አመለጣት። ሆዷን ይዛ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወድቅ ሳቀች።

«ያን ልጅ ዶክተር ይቅርታ ልጠይቀው ነው እንግዲህ! በቁስቋሟ ምዬበት!»

ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ ተቆጣች። በራሷ ተቆጣች፣ «በሞቴ» በምትል ሴት ሁሉ ተቆጣች፣ በቤርሳቤህም ተቆጣች።

«አንቺስ? ግድግዳ ተጋርተን ይህን ያህል ዓመት ስንኖር የት ነበርሽ?»

«በአጥር ላይ ከነገሩኝ ቀን በፊት ታመምሁ ብለውኝ ያውቃሉ?»

ሠርካዲስ የወደቀ ነጠላዋን አንስታ አራገፈች።

«ማሩስ?» አለች ቤርሳቤህ ቀስ ብላ። «በሻይ የሚጠጡት።»

«ማር መድኃኒት ነው!»

«ለሌላው ይሁን። ለስኳር ሕመም ግን ማርም ስኳር ነው፤ ንብ ስለሠራችው ደም ውስጥ ገብቶ ሌላ አይሆንም።»

«አንቺ ልጅ፣ ከአፌ ስንቱን ልታወጪ ነው?»

«በምትኩ አስገባለሁ።»

እናም አስገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ በሠርካዲስ ጓዳ ይገናኛሉ። ቤርሳቤህ የምታውቀው ልክ ነው፤ የሳህኑ ግማሽ ቅጠላ ቅጠል፣ ሩቡ ምስር ወይ ሽሮ ወይ ዓሣ፣ ሩቡ እንጀራ፤ መጀመሪያ ጎመኑ፣ እንጀራው ለመጨረሻ። ጥቁር ጤፍም ቢሆን ልክ አለው አለቻት፤ ሠርካዲስ «ጤፍም?» ብላ ደረቷን ያዘች። እንዲጣፍጥ ማድረግ ግን የሠርካዲስ ሥራ ነበር። ቁሌቱን ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረገች፣ ሽንኩርቱ ራሱ ላብ እስኪያወጣ አበሰለችው። ዘይቷን በማንኪያ ለካች። ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ጨመረች። አዚፋውን ሰናፍጩ አፍንጫ እስኪሰነፍጥ አድርጋ ሎሚ ጨመቀችበት። ከአርባ ምንጭ በአውቶቡስ የመጣውን የሽፈራው ቅጠል መጀመሪያ «ይሄ የዛፍ ነው፣ እኔ ፍየል ነኝ?» ብላ ገፋችው፤ በኋላ በቃሪያ ጠብሳ ስታወጣው ቤርሳቤህ አባቷን ጠርታ አስቀመሰቻቸው፤ ሽማግሌው «አገሬ ገባሁ» አሉ። ቅምሻው ራሱ ተለወጠ፤ የማንኪያ ጫፍ፣ ያለ እንጀራ፣ ሰማያዊው ሳህንም ከአጠገቧ አይለይም። ለቅሶ ቤትም ይዛው ትሄዳለች። «በሞቴ» ያለቻትን ሴት ሁሉ «እኔ ልሙት ወይስ አንቺ? ምረጪ» ትላታለች።

«ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት በየቀኑ የምንተርተው እኛ ነን። የሚያምነው ግን የለም። ሆዳችን ጮማ እያሰበ አፋችን ጎመን ያመሰግናል። ሠርካዲስ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ተረቱን አመነችው፤ አምናም በላችው። ከመድኃኒቷ አንድ ቀን ሳትዘል፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ቁስቋም ማርያም ሽቅብ እየወጣች። በአምስተኛው ወር የጠዋት ስኳሯ መቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ።

«ምን ቢበሉ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ጎመን። ደግሞ ይቅር በለኝ፤ እውነትህን ነበር።»

ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት አወጣች። አንደኛው ያ የሳልመን ወረቀት ነው፤ መለሰችለት። ሁለተኛውን እሷ እየነገረቻት ቤርሳቤህ ጽፋዋለች፤ ጎመን፣ አዚፋ፣ ሽሮ በልኩ፣ እንጀራ ሩብ፣ የገብስ ቆሎ አንድ ጭብጥ። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «አስተካክዬ ለሌሎቹ ባባዛውስ?» አላት። ሠርካዲስ ያን ቀን በታክሲ አልሄደችም። እግሯን ልታመሰግነው በእግሯ ወጣች። እያንዳንዱ ድንጋይ በጫማዋ ሥር ሲቆረቁራት «ተመስገን፣ ይሰማኛል» እያለች።

ወሬው ሳይውል ሳያድር በሰፈሩ ስኳርተኞች መካከል በሹክሹክታ ተዛመተ። መጀመሪያ ቅመም ነጋዴዋ አሪፋ መጣች፤ «አንቺ፣ ለብቻሽ ልትድኚ ነው?» ብላ። ከዚያ ሌሎች። ስምንት ሆኑ። ቅዳሜ ምሳ በሠርካዲስ ግቢ የሚበላ፣ የሚሰደብ፣ የሚስቅ የስኳርተኛ ማኅበር ተቋቋመ። ምግቡ ቅጠልና ጥራጥሬ ስለሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ድስት ይበላል። በሦስተኛው ወር ሃያ ሁለት ሆኑ። የሠርካዲስ ድስት ግን ያችው የስምንት ሰው ድስት ናት፤ ሦስት ዙር ትጣዳለች፣ የመጀመሪያው ዙር በልቶ የመጨረሻው እስኪደርስ መድኃኒት የዋጠ ሰው ስኳሩ ወርዶ ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ ሠርካዲስ ወደ እድሩ ሊቀመንበር ወደ ጋሽ አለማየሁ ሄደች። ጋሽ አለማየሁ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ የእድሩን ደንብ በቃላቸው የሚወጡ ሰው ናቸው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሽ አለማየሁ፣ አንድ ብረት ድስት ፈልጌ ነበር።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ድስቱ ምን ሊሠራ?»

«ማንም እንዳይሞት።»

«ቀልድሽን ተዪ ሠርኬ። አንቀጽ ዓሥራ አራት፦ የእድሩ ንብረት ከሐዘን በስተቀር አይወጣም። እኔ ደንቡን ባልጠብቅ ያ ድስት ዛሬ ለሠርግ፣ ነገ ለልደት እየወጣ ቂጡ በተቀደደ ነበር። ሐሰት ነው?»

ሐሰት አልነበረም። ሠርካዲስም ይህን ታውቃለች፤ የተናደደችው ለዚህ ነው። መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ወረደ። ጋሽ አለማየሁ ነጠላ ጫማ አድርገዋል። የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት በፋሻ ተጠቅልላለች።

«ምን ሆኑ?»

«ጫማ ልጦኝ ነው» አሉና እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ሳቡ።

ሠርካዲስ ወጣች። ከሦስት ሳምንት በፊት በክሊኒኩ የስኳር ክትትል ወረፋ ላይ አይታቸዋለች። ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ጎትተው ግድግዳ ያዩ ነበር። እሷም ስለ ክብራቸው ብላ ሌላውን ግድግዳ አየች። ቤቷ ስትደርስ ለቤርሳቤህ ስለ ጣቲቱ ነገረቻት፤ የጣቲቱን ባለቤት ስም ግን አልጠራችም።

«ለምን በግልጽ አይናገሩትም?»

«የሰው ገመና አላወጣም። ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› ይባላል፤ የሌላውን በሽታ የገለጠ ግን ጎረቤት አይገኝለትም።»

«እሺ፣ የራስዎንስ?»

የራሷን ለእነዚያ ሃያ ሁለት ሰዎች እንጂ ለእድሩ በአደባባይ ተናግራ አታውቅም። ስኳርተኛ ናት ከተባለ ጭልፋውን ይነጥቋታል ብላ ትፈራለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። አዳራሹ ሞላ። አጀንዳው የድንኳኑ ጣሪያ መብሳት ነበር፤ እሱ ሲያልቅ ጋሽ አለማየሁ «ሌላ ሐሳብ?» አሉ መዝገባቸውን እየዘጉ። ሠርካዲስ ተነሣች። በአንድ እጇ ጭልፋውን፣ በሌላው ሰማያዊውን ሳህን ይዛለች። ወንዶቹ ሳቅ አሉ።

«መጀመሪያ ምስጋና አለኝ» አለች። «ስኳር በሽተኛ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያበላኋችሁ እኔ፣ መብላት የተማርኩት ዘንድሮ ነው። ያስተማረችኝ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ቤርሳቤህ ናት፤ አንገትሽን አትድፊ፣ ሰው ይይሽ። ከዘመድ አትገጥመኝም፣ በማኅበር አንገናኝም፤ ግድግዳ ነው የተጋራነው። ግን እነዚህ ሁለት እግሮቼ ዛሬ የቆሙት በእሷ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያ ልጅ ዶክተርም ይባረክ። ቅዳሜ እየመጣችሁ በጎመኔ ላይ የምታሾፉም ተባረኩ፤ ካልተሾፈበት ምግብ አይጥምም።»

አሪፋ ከመሐል «አሜን!» አለች፤ አዳራሹ ሳቀ። የሠርካዲስ ድምፅ ግን ተለወጠ።

«አሁን ጥያቄ አለኝ። ጋሽ ጌቱን ታስታውሳላችሁ? ጣታቸው ሲቆስል ‹ጫማ ልጦኝ ነው› አሉን። አመንናቸው። ሰልስቱን እኔ ቀቀልኩ፤ በአምስት ድስት። እኔ እኮ በቁማቸው ሳሉ በአንዲት ድስት ልደርስላቸው እችል ነበር፤ ሁላችንም እንችል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ድስት ለበሽተኞች ይውጣልኝ ብዬ ጠየቅሁ። ራሴ ፈርሜ እወስዳለሁ፣ ራሴ አጥቤ እመልሳለሁ። ሠርግ አይደለም፣ ልደት አይደለም።»

ጋሽ አለማየሁ አመነቱ። «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ። «ኮሚቴው ይምከርበትና በሚቀጥለው ስብሰባ…»

«የሚቀጥለው ስብሰባ ከሦስት ወር በኋላ ነው» አለች ሠርካዲስ። ወደ ፊት መጣች። ጭልፋውን በተዘጋው መዝገብ ላይ አስቀመጠችው። ወደ እሳቸው ዝቅ ስትል ከጠረጴዛው ሥር ፋሻዋ ታየቻት፤ ዛሬ ሰፋ ብላለች። ዓይኗን ቶሎ አነሳች፤ ማንም ወዴት እንዳየች አላወቀም፣ ከእሳቸው በቀር። ስትናገር ድምፅዋ ቁጣም ልመናም ነበር።

«ኮሚቴ አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት እርስዎን ነው። ለቅዳሜው ማዕድ የአንድ ሰው ተጨማሪ ቦታ ይዣለሁ፤ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቀኝም። እርስዎ ግን ቆመው ይመልሱልኝ፤ በሹክሹክታ አይደለም፣ በረንዳ ላይ አይደለም፣ እዚሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ፦ ድስቱ ቅዳሜ ይወጣል፣ ወይስ የሚቀጥለውን ጥሩምባ እንጠብቅ?»